ለፖርትሬት የመጀመሪያውን የስቱዲዮ ስትሮብ እንዴት እንምረጥ?

ፖርትሬት የሚያነሳ ሰው ሁሉ የመስኮት ብርሃን የማይበቃው ቀን ይመጣበታል። ደንበኛ ከሥራ ወጥቶ ማታ ይመጣል። ክረምት ይገባና ሰማዩ ሳምንቱን ሙሉ ይጠቁራል። የምርቃት ሰሞን ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ይሰለፋል፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ተመራቂ እኩል ጥሩ ፎቶ ይፈልጋል። ለቅጽበት ብልጭ የሚለው የስቱዲዮ መብራት፣ ስትሮብ፣ የግድ የሚሆነው ያኔ ነው።

ሱቅ ስትገቡ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቀርብላችሁ ሦስት መብራት፣ ሦስት ስታንድና ሦስት ትንንሽ ሶፍትቦክስ (ብርሃኑን የሚያለሰልስ ባለ ጨርቅ ሳጥን) በአንድ ቦርሳ የገባበት ኪት ነው። ያጓጓል። እኔ ግን ለጀማሪ አልመክረውም። ለፖርትሬት አንድ ጥሩ መብራት፣ አንድ ትልቅ ሶፍትቦክስ፣ አንድ ጠንካራ ስታንድ፣ አንድ ትሪገር (መብራቱን ከካሜራው የሚያዝ ዕቃ) እና አንድ ነጭ ሰሌዳ ይበቃል። ገንዘቡን በሦስት ደካማ መብራት ላይ ከመበተን እነዚህን አምስቱን አሳምሮ መግዛት ይሻላል። አንድን መብራት በደንብ ያወቀ ሰው ሁለተኛውን ለምን እንደሚገዛ ያውቃል። በሦስት የጀመረ ግን ፎቶው ሲበላሽበት የትኛው እንዳበላሸው እንኳ ለማወቅ ይቸገራል።

ደረጃ 1፦ ክፍሉን ለኩ

ከቤት ሳትወጡ ሜትር ያዙና የምታነሱበትን ክፍል ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ጻፉ።

ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ) ካሜራና 85 ሚሊሜትር ሌንስ ካላችሁ፣ ሰውን ከደረት በላይ ለማንሳት ሁለት ሜትር ገደማ ርቀት ይበቃል። ከራስ እስከ እግር ለማንሳት ግን ወደ 5 ሜትር ትርቃላችሁ። የሚነሳው ሰውም ከጀርባው ግድግዳ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል መራቅ አለበት፤ ካልራቀ ጥላው ግድግዳው ላይ ያርፋል። እናንተም መቆሚያ ያስፈልጋችኋል። ሲደመር 7 ሜትር ይሆናል። ካሜራችሁ ክሮፕ ሴንሰር (ሴንሰሩ አነስ ያለ) ከሆነ በዚያው ሌንስ ከዚህም በላይ ትርቃላችሁ። ክፍላችሁ 4 ሜትር ከሆነ እንግዲህ ሙሉ ቁመትን ለጊዜው ተዉትና ግማሽ አካል ላይ አተኩሩ።

ከፍታውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። 120 ሴንቲሜትር ሶፍትቦክስ ለቆመ ሰው ሲሰቀል መሃሉ 2 ሜትር ላይ ይውላል። የላይኛው ጠርዙ ታዲያ 2 ሜትር ከ60 ይደርሳል። የኮንዶሚኒየም ኮርኒስ ይህን ላይፈቅድ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሰውን በርጩማ ላይ አስቀምጡ፣ ወይም 90 ሴንቲሜትር ሶፍትቦክስ ግዙ።

ግድግዳውንም እዩት። አረንጓዴ ወይም ቢጫ ቀለም የተቀባ ጠባብ ክፍል ብርሃኑን መልሶ ፊት ላይ ይረጨዋል። የደንበኛው ጉንጭ አረንጓዴ ሲመስል ጥፋቱ የመብራቱ አይደለም። ነጭ ወይም ግራጫ ቀቡት፤ ቤቱ የኪራይ ከሆነ ጥቁር ጨርቅ ከጎን አንጠልጥሉ።

ደረጃ 2፦ ስቱዲዮ ትቀመጣላችሁ ወይስ ትዞራላችሁ?

ከዚህ በኋላ ያለው ምርጫ ሁሉ በዚህ መልስ ላይ ይቆማል። ገበያ ላይ ለጀማሪ የሚሆኑ ሦስት ዓይነት መብራቶች አሉ።

አንደኛው ካሜራ ላይ የሚሰካው ተራ ፍላሽ ነው። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ በባትሪ ይሠራል። ከካሜራው አውርዳችሁ ስታንድ ላይ ብትሰቅሉትና ሶፍትቦክስ ብታደርጉበት ጥሩ ፖርትሬት ያወጣል። ኪሳችሁ ከሳሳ በዚህ መጀመር አያሳፍርም። ግን በሙሉ ኃይል ሲሠራ በየምቱ መካከል ሰከንዶች ይወስዳል፤ በላይ በላዩ ሲመታም ይሞቃል።

ሁለተኛው ግድግዳ ላይ የሚሰካ ሞኖላይት ነው። መብራቱም ኃይል ማመንጫውም በአንድ አካል ውስጥ ነው። በአንድ ብር የምታገኙት ጉልበት ከሁሉም የሚበልጠው በዚህኛው ነው። በሙሉ ኃይል መትቶ በአንድና በሁለት ሰከንድ ውስጥ ለሚቀጥለው ይዘጋጃል። አብሮት ሞዴሊንግ ላምፕ አለው። ይህ ሳይቋረጥ የሚበራ ትንሽ መብራት ነው፤ ጥላው አፍንጫ ሥር የት እንደሚወድቅ ፎቶ ሳታነሱ ያሳያችኋል። ለጀማሪ እንደዚህ የሚያስተምር ነገር የለም። ሞዴሊንግ ላምፕ የሌለው የስቱዲዮ መብራት አትግዙ።

ሦስተኛው ትልቅ የሊቲየም ባትሪ ያለው ስትሮብ ነው። ጎዶክስ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራቸው ኤዲ 200 እና ኤዲ 600 የዚህ ወገን ናቸው። ቁጥሩ ጉልበቱን ነው የሚናገረው፦ 200 እና 600 ዋት ሰከንድ። ዋጋው ከሞኖላይት ይከብዳል። ለሰርግና ለመልስ፣ ለቤት ለቤት ፎቶ፣ መብራት ቶሎ ቶሎ ለሚጠፋበት ሰፈር ግን አማራጭ የለውም።

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ቋሚ ክፍል ካላችሁና ኤሌክትሪኩ ደህና ከሆነ ሞኖላይት ግዙ። ወደ ደንበኛ የምትሄዱ ከሆነ ግን ትንሽ ጠብቃችሁ፣ ገንዘብ ጨምራችሁ ባለ ባትሪውን ግዙ። መሃል ላይ ያለ ዕቃ ተገዝቶ ከዓመት በኋላ በግማሽ ዋጋ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ቪዲዮም የምትሠሩ ከሆነ ኤልኢዲ መብራት ሊያጓጓችሁ ይችላል። ለቪዲዮ ተገቢ ነው። ለፎቶ ግን 60 ዋት ኤልኢዲ በሶፍትቦክስ ውስጥ ሲያልፍ በጣም ይደክማል፤ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) መጨመርና አፐርቸር (የሌንሱን ቀዳዳ) መክፈት ትጀምራላችሁ። ስትሮብ ጉልበቱን ሁሉ ለቅጽበት ስለሚለቅ አይኤስኦ 100 ላይ ኤፍ 8 (ጠበብ ያለ ቀዳዳ) በቀላሉ ይሰጣችኋል።

ደረጃ 3፦ ጉልበቱን በልኩ ምረጡ

ሱቅ ውስጥ "ይሄ 300 ዋት ነው" ይሏችኋል። ማለት የፈለጉት 300 ዋት ሰከንድ ነው፤ መብራቱ በአንድ ምት የሚለቀው ኃይል። ከኤልኢዲ ዋት ጋር አታነጻጽሩት። ካርቶኑ ላይ "900" የተጻፈበት ኪትም ካያችሁ ጠይቁ፤ ባለ 300 ሦስቱ ተደምረው ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ስንት ይበቃል? ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው፣ በተራ ክፍል ውስጥ፣ ከ200 እስከ 400 ዋት ሰከንድ በቂ ነው። 300 ዋት ሰከንድ መብራት በ120 ሴንቲሜትር ሶፍትቦክስ ውስጥ፣ ከፊት 1 ሜትር ርቆ፣ አይኤስኦ 100 ላይ ኤፍ 8 ለመስጠት ሙሉ ኃይሉን አይጠይቅም። ብዙውን ጊዜ ሩቡ ይበቃዋል። ለአሥር ሰው የቤተሰብ ፎቶ መብራቱን ስታርቁት ነው ቀሪው የሚያስፈልገው።

ከ300 ወደ 600 ስትሄዱ የምታገኙት ጭማሪ አንድ ስቶፕ (የብርሃን እጥፍ) ብቻ ነው። አይኤስኦን ከ100 ወደ 200 ማድረግ ያንኑ ይሰጣል፤ እሱ ደግሞ በነጻ ነው። ስለዚህ ከጣሪያው ይልቅ ወለሉን ጠይቁ፦ መብራቱ እስከ ስንት ይወርዳል? 400 ዋት ሰከንድ ያለው መብራት እስከ 1/16 ብቻ የሚወርድ ከሆነ ዝቅተኛው ምቱ 25 ነው። 200 ዋት ሰከንድ ያለውና እስከ 1/128 የሚወርደው ግን ከ2 በታች ይደርሳል። በጠባብ ክፍል፣ መብራቱን ወደ ፊት አስጠግታችሁ፣ ጀርባው እንዲደበዝዝ በኤፍ 2 ማንሳት ስትፈልጉ ልዩነቱ ይገባችኋል። የመጀመሪያው መብራት ዝቅተኛው ላይ ሆኖም ፊቱን ያነጣዋል።

እንቅስቃሴ ለምትወዱ አንድ ነገር ልጨምር። እስክስታ ላይ ትከሻና ፀጉር ሲወረወር ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የብልጭታው ማጠር ነው፤ የካሜራው ሻተር አይደለም። ብዙ ተራ ሞኖላይቶች ኃይላቸው ሲቀነስ ብልጭታቸው ይረዝማል። አይጂቢቲ የሚባለውን ቴክኖሎጂ የሚጠቀሙት ደግሞ ኃይላቸው ሲቀነስ ብልጭታቸው ያጥራል። መግለጫው ላይ ሁለት ዓይነት ልኬት ታያላችሁ፦ ቲ 0.5 እና ቲ 0.1። የምትተማመኑበት ቲ 0.1ን ነው፤ የመጀመሪያው ብልጭታውን ከእውነቱ ያሳጥረዋል። ቁጭ ብሎ ለሚነሳ ሰው ግን ይህ ሁሉ አያሳስብም።

ደረጃ 4፦ ኤሌክትሪኩን አትርሱ

አገራችን ውስጥ መስመሩ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። አሜሪካ ደግሞ 120 ቮልት ነው። ብዙ ሞኖላይቶች ለአንዱ ብቻ ነው የሚሠሩት። ዘመድ ከዋሽንግተን ወይም ከዳላስ መብራት ሊልክላችሁ ካሰበ፣ ገዝቶ ከመላኩ በፊት ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ለ120 ቮልት የተሠራውን እዚህ ስትሰኩት ይቃጠላል። የሞዴሊንግ ላምፑ አምፖልም እንደዚሁ ነው፤ መብራቱ ሁለቱንም ቢቀበል እንኳ አምፖሉ ለአንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ባለ ባትሪው እዚህ ላይ ይቀላል። ቻርጀሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። ባትሪውን በአውሮፕላን የሚያመጣ ሰው ግን ደንቡን ይወቅ፦ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በአብዛኛው ይፈቀዳል፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ከተሳፋሪ ጋር አይሄድም። የኤዲ 200 ባትሪ 42 ዋት ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ችግር የለበትም።

ግድግዳ ላይ ለሚሰካው ስታብላይዘር ግዙለት። መብራት ሲጠፋ ወዲያው ንቀሉት፤ መስመሩ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው ብዙውን ዕቃ የሚገድለው። ኢንቨርተር ላይ የምትሰኩ ከሆነ ፒዩር ሳይን ዌቭ መሆኑን አረጋግጡ። ስትሮብ ራሱን ሲሞላ ኤሌክትሪኩን በአንዴ ስለሚስብ ትንንሽ ኢንቨርተር ይዘጋበታል።

ደረጃ 5፦ አፉ ቦወንስ ይሁን

አፍ የምለው ሶፍትቦክሱ መብራቱ ላይ የሚታሰርበትን ቀለበት ነው፤ በየኩባንያው ይለያያል። ፕሮፎቶ የራሱ አለው፣ ኤሊንክሮምም የራሱ። ቦወንስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ2017 ተዘግቷል፤ የፈጠረው ባለ ሦስት ጥርስ አያያዝ ግን ዛሬ በዓለም በብዛት የሚሠራበት ሆኗል። ርካሹም ውዱም ሶፍትቦክስ በቦወንስ አፍ ይገኛል። ያገለገለ ዕቃ ከሌላ ፎቶ አንሺ ስትገዙም፣ ሲቸግራችሁ ስትዋዋሱም አንድ ቋንቋ ትናገራላችሁ ማለት ነው።

በተራ ፍላሽ የምትጀምሩም ቢሆን ከዚህ አትውጡ። ፍላሹን ቆንጥጦ ይዞ ከፊቱ የቦወንስ አፍ ያለው መያዣ ይሸጣል፤ ጎዶክስ ኤስ 2 የሚባለው አንዱ ነው። ነገ ሞኖላይት ስትገዙ ሶፍትቦክሳችሁ ሳይቀየር ያገለግላል።

ደረጃ 6፦ ትሪገሩን በራሳችሁ ካሜራ ላይ ሞክሩ

ትሪገር ካሜራው ላይ ተሰክቶ መብራቱን በሬዲዮ የሚያዘው ዕቃ ነው። ብዙዎቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ። ተቀባዩ መብራቱ ውስጥ አብሮ የተሠራ ቢሆን ይመረጣል። ኃይሉን ከካሜራው ላይ ሆናችሁ መጨመርና መቀነስ የምትችሉበትን ምረጡ፤ ከፍ ብሎ ወደተሰቀለ መብራት በየፎቶው መንጠራራት ያደክማል።

አንድ ኩባንያ ምረጡና በእሱ ጽኑ። የዛሬው ትሪገር የነገውን ሁለተኛና ሦስተኛ መብራት ማዘዝ አለበት። ጎዶክስ ጀማሪ ዘንድ የበረታው በዚህ ነው፦ ተራ ፍላሹም፣ ሞኖላይቱም፣ ባለ ባትሪውም በአንድ ትሪገር ይታዘዛሉ። ብቻ በሬዲዮ የሚታዘዘውን ሞዴል መርጣችሁ ውሰዱ።

እዚህ ላይ ለካኖን ተጠቃሚዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እንደ 250ዲና 4000ዲ ያሉ አንዳንድ ርካሽ ካሜራዎች ፍላሽ መሰኪያቸው መሃል ላይ ያለው ክብ ነጥብ የላቸውም። ተራ ትሪገር የሚተኮሰው በዚያ ነጥብ በኩል ስለሆነ እነዚህ ላይ አይሠራም። ለካኖን ተብሎ የተሠራ፣ ከካሜራው ጋር የሚነጋገር ትሪገር ያስፈልጋቸዋል። የሻጩ "ይሠራል" ማለት አይበቃም። ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሰክታችሁ ተኩሱ።

የሻተር ፍጥነቱንም አብራችሁ ፈትሹ። አብዛኞቹ ካሜራዎች ከስትሮብ ጋር የሚስማሙት እስከ 1/160፣ 1/200 ወይም 1/250 ድረስ ነው። ካለፋችሁ ፎቶው ላይ ከአንድ ጠርዝ ጀምሮ ጥቁር ጥላ ይገባል። መብራቱ አልተበላሸም፤ ብልጭታው ሲመጣ የሻተሩ መጋረጃ ግማሹን ሸፍኖታል ማለት ነው። ሃይ ስፒድ ሲንክ የሚባለው ይህን ይፈታል፣ ግን ብዙ ጉልበት ይበላል። ደጅ ፀሐይ ላይ ካላነሳችሁ አያስፈልጋችሁምና ለእሱ ብላችሁ ዋጋ አትጨምሩ።

ደረጃ 7፦ ዋናው ሶፍትቦክሱ ነው

ሰው ገንዘቡን መብራቱ ላይ ይጨርስና የተረፈውን ለሶፍትቦክስ ያደርጋል። ፎቶው ላይ የሚታየው ግን ሶፍትቦክሱ ነው። ፊት ላይ ጥላውን የሚያለሰልሰው የብርሃኑ ምንጭ ስፋት ነው፤ ከሰውየው ርቀት ጋር ሲነጻጸር። 120 ሴንቲሜትር ሶፍትቦክስ ከ1 ሜትር ላይ ለስላሳ ነው። ያው ሶፍትቦክስ 4 ሜትር ሲርቅ ጥላው ይደርቃል።

ክፍሉ ከፈቀደ ባለ ስምንት ማዕዘኑን፣ 120 ሴንቲሜትሩን ግዙ። ዓይን ውስጥ የሚያበራው ነጥብም ክብ ስለሚሆን ያምራል። ሁለት ጨርቅ ያለው ይሁን፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከፊት። ውስጠኛው ከሌለው መሃሉ ደምቆ ዳሩ ይደበዝዛል። እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ከሆነ ደግሞ ከድካም ይገላግላችኋል፤ ያለዚያ በየቀኑ ስምንት ዘንግ ስታስገቡ ጣታችሁ ይላጣል። ግሪድ አብሮት ካለ ውሰዱት። ብርሃኑ ወደ ጎን እንዳይፈስ ይይዘዋል፤ ለጠባብ ክፍል በጣም ይጠቅማል። ብርሃን የሚያሳልፈው ነጭ ጃንጥላ ርካሽና ለስላሳ ነው፣ ግን ክፍሉን ሁሉ ያበራል። ጥቁር ጀርባ የምትፈልጉ ከሆነ ያስቸግራችኋል።

ስለ ጠይም ፊት ትንሽ ልቆይ፤ የእኛ ሥራ ዋናው እዚህ ነው። ጠይም ቆዳ ብርሃኑን እንደ መስተዋት ይመልሳል። ምንጩ ትንሽ ከሆነ ግንባርና አፍንጫ ላይ ትንንሽ ነጫጭ ነጥቦች ይወጣሉ፤ ፊቱ ዘይት የተቀባ ይመስላል። ምንጩ ሰፊ ከሆነ ግን ያው ነጸብራቅ ተዘርግቶ ጉንጭን፣ ግንባርን፣ አገጭን ለስላሳ አድርጎ ይቀርጻል። ፊቱ ጠቆረ ብሎ ኃይል መጨመር ሁልጊዜ መልስ አይደለም። ሰፊ ምንጭ፣ ከጎን ዞር ብሎ፣ ቀረብ ሲል ፊቱ ራሱ ያበራል።

አሁን ደግሞ ነጠላ አልብሱት። የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ የቆመች ልጅ አስቡ። መብራቱ በግራዋ ከፊቷ 80 ሴንቲሜትር ላይ ነው። የግራ ትከሻዋ ግን ወደ መብራቱ ስለሚቀርብ 60 ሴንቲሜትር ላይ ይሆናል። ብርሃን በርቀቱ ስኩዌር ስለሚቀንስ ትከሻው ከፊቷ አንድ ስቶፕ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ብርሃን ያገኛል። ፊቷ ጠይም፣ ነጠላው ነጭ፣ በዚያ ላይ የበለጠ ብርሃን። ውጤቱ የታወቀ ነው፦ ፊቷ ልክ ሲመጣ የነጠላው ፈትል ይጠፋል፣ ጥለቱ ብቻ ባዶ ነጭ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። መብራቱን ወደ 1 ሜትር ተኩል አርቁት። ትከሻው 1 ሜትር ከ30 ላይ ይሆናል፤ ልዩነቱ ከግማሽ ስቶፕ በታች ይወርዳል። ቀጥሎ ሶፍትቦክሱን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ መሃሉን በፊቷ አልፎ እንዲሄድ አዙሩት፤ ትከሻው የሚያገኘው የዳሩን ደካማ ብርሃን ይሆናል። የቀረውን ሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብረው ያስቀመጠው ፎቶ) ላይ ታስተካክሉታላችሁ። መብራቱን ስታርቁ ልስላሴው እንዳይጠፋ ነው ሶፍትቦክሱ ትልቅ ይሁን የምለው።

ደረጃ 8፦ ስታንድ፣ ክብደትና ነጭ ሰሌዳ

ሞኖላይትና ትልቅ ሶፍትቦክስ አንድ ላይ ይከብዳሉ፤ ከላይ ሆነው ወደፊት ያዘነብላሉ። ኪት ውስጥ የሚመጣው ቀጭን ስታንድ አይችላቸውም። 2 ሜትር ከ60 ወይም ከዚያ በላይ የሚወጣ፣ ቧንቧው ወፈር ያለ ምረጡ። ሱቅ ውስጥ እስከ መጨረሻው አውጡትና ጫፉን ነቅነቅ አድርጉት። ከተወዛወዘ ተዉት።

እግሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት የግድ ነው። ማስመጣት አያስፈልግም፤ ወፍራም ሸራ ግዙና ሁለት ኪስ አድርጎ የሚሰፋ ሰው ፈልጉ። ልጅ ገመድ ላይ ተደናቅፎ መብራቱ ሰው ላይ የሚወድቅበት ቀን እንዳይመጣ የሚያደርገው እሱ ነው። ገመዱንም ወለሉ ላይ በፕላስተር አጣብቁት።

ነጩ ሰሌዳ ደግሞ በመብራቱ ተቃራኒ ወገን ቆሞ ጥላውን የሚሞላ ነው። ነጭ ፎም ቦርድ ወይም በነጭ ጨርቅ የተወጠረ የእንጨት ፍሬም ይበቃል። ሲጠጋ ጥላው ይሳሳል፣ ሲርቅ ይጠቁራል። ሁለተኛ መብራት ገና ሳትገዙ የሁለተኛ መብራት ሥራ ይሠራላችኋል።

ደረጃ 9፦ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት

ካሜራችሁን፣ ሌንሳችሁን፣ ባዶ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። መብራቱን ነጭ ግድግዳ ላይ አዙራችሁ በአንድ ኃይል አሥር ጊዜ ተኩሱ። ዋይት ባላንሱ አውቶ አይሁን፤ 5500 ኬልቪን ላይ እሰሩት። ከዚያ አሥሩን ፎቶዎች በተከታታይ እዩ። አንዱ ደምቆ አንዱ ከደበዘዘ፣ ወይም አንዱ ቢጫ አንዱ ሰማያዊ ካደላ ያ መብራት ነገ ኤዲቲንግ ላይ ያንገላታችኋል። ትንሽ ልዩነት ያለ ነው። በዓይን ወለል ብሎ የሚታየው ግን አይፈቀድም።

በሙሉ ኃይል ደግሞ በላይ በላዩ ተኩሱ። ስንት ሰከንድ ጠበቀ? ዝግጁ ነኝ ብሎ ድምፅ ሲሰጥ እውነትም ዝግጁ ነው? አንዳንዱ ሳይሞላ "ቢፕ" ይላል፤ ቀጣዩ ፎቶ ጨልሞ ይወጣል። ቬንቲሌተሩን አዳምጡ። ትልቁን ሶፍትቦክስ ሰክታችሁ ማጠፊያው ብሎን ይዞት እንደሚቆም እዩ። ርካሽ መብራቶች ቀድሞ የሚደክሙት እዚያ ላይ ነው።

ያገለገለ ከሆነ ብልጭታው የሚወጣበትን የመስተዋት ቱቦ ተመልከቱ። ጫፎቹ ጠቁረው ከሆነ ብዙ ሠርቷል። መለዋወጫ ቱቦ እንደሚገኝለት ጠይቁ። ረጅም ጊዜ ሳይሠራ የተቀመጠ ከሆነ ከዝቅተኛው ኃይል ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

ስለ ደኅንነት አንድ ቃል፦ ስትሮብ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ከተነቀለም በኋላ ሰው የሚገድል ኃይል ይይዛል። ቢበላሽ ራሳችሁ አትክፈቱት፤ ሙያውን ለሚያውቅ ስጡት። ቱቦ ወይም አምፖል ስትቀይሩ ነቅላችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ፣ በጨርቅ ያዙት። ባዶ ጣት የሚተወው ቅባት ሲግል መስተዋቱን ይሰነጥቀዋል።

ደረጃ 10፦ የመጀመሪያው ምሽት

ካሜራውን ማኑዋል ላይ አድርጉ። አይኤስኦ 100፣ ሻተር 1/160፣ አፐርቸር ኤፍ 8። ካሜራችሁ ሚረርለስ ከሆነ ስክሪኑ ድቅድቅ ይላል። ኤክስፖዠሩን በስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን ማስተካከያ አጥፉት፤ ያኔ ይበራል።

መጀመሪያ ስትሮቡን ሳታበሩ አንድ ፎቶ አንሱ። ጥቁር መሆን አለበት። ጥቁር ከሆነ የክፍሉ አምፖል ፎቶው ውስጥ አልገባም፤ ከዚህ በኋላ የሚታየው ብርሃን ሁሉ የእናንተ ነው። ቀጥሎ መብራቱን ከሰውየው ፊት ለፊት 45 ዲግሪ ወደ ጎን፣ ከዓይኑ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ታች አዘንብሉት። ሩብ ኃይል ላይ ጀምሩ። ደመቀ? ቀንሱ። ጨለመ? ጨምሩ። ሻተሩን አትንኩ፤ ስትሮቡን አይቀይረውም።

ዓይኑን አጉልታችሁ እዩ። የመብራቱ ነጸብራቅ ከዓይኑ ብሌን ወደ ላይና ወደ ጎን፣ በሰዓት አሥር ወይም ሁለት ሰዓት አቅጣጫ ላይ ካለ ቦታው ደህና ነው። ዓይን ውስጥ ምንም ካላያችሁ መብራቱ በጣም ወጥቷል፤ ዝቅ አድርጉት።

ሁለተኛውን መብራት ለመግዛት አትቸኩሉ። ጥቁር ፀጉር ከጥቁር ጀርባ ጋር እየተዋሃደ ሲያስቸግራችሁ ያኔ ግዙ። ያው አፍ፣ ያው ትሪገር ያለው፣ ጉልበቱ ከመጀመሪያው ቢያንስም ግድ የለም። 30 በ120 ሴንቲሜትር የሆነ ቀጭን ሶፍትቦክስ ከነግሪዱ አድርጉለትና ከሰውየው ኋላ፣ ከዋናው መብራት ተቃራኒ አቁሙት። ኃይሉን ከዋናው አንድ ስቶፕ ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ፀጉሩ ሲለይ አቁሙ።